«አንድ ጎራሽ»፤ ስለ ውጅግራና ስለ ጥይቱ ታሪክ



በዛሬው ንግግሬ ላወሳላችሁ የፈለግሁት የአያቶቻችን የዘወትር ባልንጀራ ስለ ነበረ አንድ የጦር መሣሪያ ነው። ይኸውም በአንድ ጊዜ ከአንድ ጥይት በላይ የማይቀበል፣ ከተተኰሰም በኋላ ባለቤቱ ከፍቶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሌላ ጥይት እስኪያጎርሰው ድረስ ከዱላ የማይሻል ጠመንጃ ነው። አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን መሣሪያ «አንድ ጎራሽ» ብለው ሰይመውታል። ጨዋታ የሚወዱት ደግሞ «ቁመህ ጠብቀኝ» ይሉታል፤ ተኳሹ አጕርሶ እስኪጨርስ ድረስ ጠላቱን «ባክህ፣ ቁመህ ጠብቀኝ» ብሎ መለመን ነበረበትና።

ስሙ ቢያስቅም ታሪኩ የሚያስቅ አይደለም። ጠመንጃን በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ በጦር ሜዳ መማረክም ይቻላል፤ በስጦታም ይገኛል። ነገር ግን ጠመንጃን ጠመንጃ የሚያሰኘው ጥይቱ ነው። ጥይቱን የሚሠራው ሌላ፣ በሩንም የሚዘጋው ሌላ ሲሆን የጠመንጃው ጌታ ማን ነው? ከ1860 ዓ.ም. እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ሲጨነቁበት የኖሩት ጥያቄ ይህ ነው። የአንድ ጎራሽም ታሪክ የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። «ነፍጥ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የተገኘ ሲሆን ጥንተ ትርጕሙ የሚቀጣጠል ዘይት ማለት ነው። «ባሩድ»ም እንዲሁ የዐረብኛ ቃል ነው። «ጠመንጃ» ወይም በቀድሞው አጻጻፍ «ጠበንጃ» የሚለው ደግሞ ከቱርኮች «ታባንጃ» የመጣ ነው ይላሉ ሊቃውንተ ልሳን፤ የሚገርመው ግን በቱርኮች ዘንድ ታባንጃ ማለት ትንሹ የእጅ መሣሪያ ማለት መሆኑ ነው። እኛ ያንን ስም ለረጅሙ መሣሪያ ከሰጠን በኋላ፣ ትንሹን ከመቀነትና ከልብስ ሥር ስለሚሸጐጥ «ሽጉጥ» አልነው። እንግዲህ መሣሪያው ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። በአገራችን ቃል የተጠራው የሚደበቀው ብቻ ነው።

የነፍጥ ኀይል በኢትዮጵያ ምድር ጎልቶ የታየው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶቫኦ ደ ጋማ የተባለው ፖርቱጋላዊ አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ይዞ በምጥዋ በኩል ገባ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምም በበኩላቸው ከቱርኮች ነፍጠኞችን አስመጥተው ፖርቱጋሎቹን ድል አደረጉ፤ አለቃቸውንም ማርከው ገደሉት። ነገር ግን ኢማሙ ድሉን ካገኙ በኋላ ከቱርኮቹ የሚበዙትን አሰናበቱ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ከዐፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ጋር በገጠሙ ጊዜ ከአንድ ፖርቱጋላዊ ነፍጥ የተተኰሰ ጥይት መታቸው፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ። የብዙ ዓመት ጦርነት በአንድ ጥይት አቅጣጫውን ለወጠ ማለት ነው።

የዚያን ዘመን ነፍጥ ከአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ነበር። ተኳሹ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈስሳል፤ አረሩን ያስገባል፤ በዘንግ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያም በተለኰሰ ገመድ ይተኵሳል። ዝናብ ከዘነበ ባሩዱ ይርሳል፤ ነፋስ ከነፈሰ እሳቱ ይበተናል። በዚህ ምክንያት ፈረሰኛና ጦረኛ ለብዙ ዘመን ነፍጠኛውን ሳይፈሩ ኖረዋል። ነፍጠኛው አንድ ጊዜ ከተኰሰ በኋላ ፈረሰኛው ደርሶ በጦር ሊወጋው የሚበቃ ጊዜ ነበረውና።

ይህ ልማድ ያበቃለት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ የመሣሪያ ሠሪዎች አረሩን፣ ባሩዱንና እሳት የሚሰጠውን ክፍል በአንድነት በናስ ቀለህ ውስጥ አድርገው ጥይትን ሠሩ። ጠመንጃውም ከአፈሙዝ መጉረስ ቀርቶ ከኋላው መጉረስ ጀመረ። አሁን ተኳሹ ደረቱን ለጠላት ሰጥቶ ቆሞ መጠቅጠቅ አላስፈለገውም፤ በደረቱ ተኝቶ፣ ከድንጋይ ኋላ ተከልሎ ማጉረስ ቻለ። ጥይቱ ግን ያው አንድ ነበር።

ይህ አዲስ መሣሪያ በእንግሊዝ ሠራዊት እጅ ሆኖ በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነው በኛው አገር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አጠገብ በአሮጌ ሜዳ የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች ስናይደር የተባለውን ጠመንጃ ይዘው ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ተጋጠሙ። የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ጀግንነት አልጐደላቸውም፤ ነገር ግን የያዙት ከአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥና ጦር ነበር። በዚያች ዕለት ከኢትዮጵያውያን ሰባት መቶ ያህል ሲሞቱ ከእንግሊዞች ወገን በቍስል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ሕዝባችንም ያንን መሣሪያ አልረሳውም። «ስናይደር» የሚለውን የባዕድ ስም በአፉ አለዝቦ «ሰናድር» አለው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። የዚያ ሽጉጥ ነገር ትዝብት ያለበት ነው። ለንጉሡ የተላከላቸው ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ ሲሆን፣ በ1855 ዓ.ም. ያስረከባቸው ቆንሲል ካሜሮን ነበር። ለቀድሞው ቆንሲል ለፕላውደን ስላሳዩት ቸርነት የተሰጠ ምስጋና መሆኑም በላዩ ተቀርጾበታል። ለወዳጅነት ተብሎ የተሰጠ መሣሪያ ወዳጅነቱ ሲፈርስ ለመጨረሻው ሰዓት ተረፈ። የውጭ መንግሥት መሣሪያ ሲሰጥ የወዳጅነቱን ልክ አብሮ እንደማይሰጥ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ናፒየር ሲመለስ መንገድ ለሰጡት ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጥቂት መድፎችንና በመቶ የሚቈጠሩ ጠመንጃዎችን ትቶላቸው ሄደ። ካሣም በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በቍጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል አድርገው በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ።

በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ደግሞ መሣሪያው በሌላ መንገድ መጣ። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ሠራዊቱን ሬሚንግተን በተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ አስታጥቆ ኢትዮጵያን ሊወር ላከ። ሬሚንግተንም አንድ ጎራሽ ነው፤ ከኋላው ያለው ብረት በአውራ ጣት ወደ ኋላ ይገለበጥና ጥይቱ ከገባ በኋላ ተመልሶ ይዘጋዋል። ሥራው ቀላል፣ አካሉ ጠንካራ፣ ለመጠገንም የማያስቸግር ስለ ነበር በዘመኑ በብዙ አገሮች የተወደደ መሣሪያ ነበር። ነገር ግን በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጕንደት፣ በዚያው ዓመት በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ በጕራ የግብፅ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ በሺህ የሚቈጠር ሬሚንግተንም ከነጥይቱ በኢትዮጵያውያን እጅ ወደቀ። ራስ አሉላ በኋላ ዘመን የመሯቸው ወታደሮች ከትልቁ የኀይላቸው ምንጭ አንዱ ይህ ምርኮ ነበር።

ምርኮ ግን የሚተካው ሲያጣ ያልቃል፤ ከሁሉም አስቀድሞ የሚያልቀው ጥይቱ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ይህን በሚገባ ያውቁ ነበርና በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከአድሚራል ሂወት ጋር በዐድዋ ሲዋዋሉ፣ ዕቃ ሁሉ፣ የጦር መሣሪያና ጥይትም ጭምር፣ በምጥዋ በኩል ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ በመጀመሪያው አንቀጽ አስጻፉ። ውሉ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣልያኖች እንግሊዞች ዐይናቸውን እየጨፈኑላቸው ምጥዋን ያዙ። በሩም ተዘጋ። ንጉሠ ነገሥቱ በወረቀት ያገኙትን ጥይት በባሕር አጡት።

በዚያው ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ፊታቸውን ወደ ታጁራ፣ ወደ ኦቦክና በኋላም ወደ ጅቡቲ አዙረው ነበር። በረሀውን አቋርጠው በግመል ጭነው ከሚመጡት ነጋዴዎች አንዱ በፈረንሳይ ቅኔ ዓለም ስሙ የገነነው አርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣቸው 2040 ጠመንጃዎችና 60,000 ጥይቶች ናቸው ተብሎ ተጽፏል። ጠመንጃዎቹ ግን በአውሮፓ ጊዜያቸው ያለፈባቸው፣ ከአፈሙዝ እየጎረሱ በትንሽ የመዳብ ቆብ የሚለኰሱ፣ ቤልጅግ አገር በርካሽ የተገዙ ነበሩ። ንጉሡም ዋጋውን ቀነሱ፤ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ አስቀሩበት፤ የቀረውንም ገንዘብ ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ጽፈው ሰጡት። ነጋዴው አዘነ፤ እኛ ግን የምንረዳው ንጉሡ የአውሮፓን አሮጌ ከአዲሱ ለይተው የሚያውቁ መሆናቸውን ነው።

ኢጣልያም በ1880 ዓ.ም. ምኒልክ በዐፄ ዮሐንስ ላይ እንዲተባበሯት ወይም ቢያንስ ዳር እንዲቆሙላት ስትል 5000 ሬሚንግተን ልትሰጣቸው ተዋዋለች። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በኋላም በብድር ስም ተጨማሪ መሣሪያ መጣ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ታላላቆቹ መንግሥታት በብራስልስ ተሰብስበው በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይገባ የሚከለክል ውል ጻፉ። ከዚያ ወዲያ አፍሪካዊ ሁሉ መሣሪያ የሚያገኘው ከአውሮፓውያን አንዱ ሌላውን ሲጣላ ብቻ ሆነ። ምኒልክም በዚህ መካከል በጥበብ ተመላለሱ።

አድማጮች ሆይ፤ አሁን ወደ ውጅግራ ደርሰናል። ፈረንሳይ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በፕሩሲያ ከተሸነፈች በኋላ ባዚል ግራ የተባለው መኰንን በወረቀት ጥይት ይሠራ የነበረውን ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ ለናስ ጥይት እንዲስማማ አድርጎ አሻሻለው። የፈረንሳይም ሠራዊት በ1874 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተቀበለው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ይሉታል፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። በኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከአራት ኪሎ ግራም ጥቂት የሚያልፍ፣ የአረሩ ክብደት 25 ግራም ያህል ነው። ሥራውም እንዲህ ነው፦ ከኋላው እንደ በር መቀርቀሪያ ያለ የብረት ዘንግ አለው። ተኳሹ እጀታውን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ሲስበው ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ አዲስ ጥይት አጕርሶ ወደ ፊት ገፍቶ ወደ ታች ሲያጥፈው ጠመንጃው ይዘጋል። ቃታውን መሳብ ብቻ ይቀራል። ዛሬም በየአገሩ የሚገኙ ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚሁ ሥርዐት ነው።

ፈረንሳይ በ1886 በአውሮፓ አቆጣጠር ጪስ የሌለው ባሩድ የሚተኵሰውን፣ ስምንት ጥይት በሆዱ የሚይዘውን ለበል የተባለውን ጠመንጃ ተቀበለች። በአገራችን «ለበን» የተባለው ይህ ነው። ያን ጊዜ ብዙው ውጅግራ በፈረንሳይ ሠራዊት ዘንድ ሥራ ፈታ፤ ነጋዴም ሰብስቦ በቀይ ባሕር በኩል ሸጠው። ለአንዱ አገር ያረጀው ለሌላው አዲስ ነውና ውጅግራ የኢትዮጵያ ወታደር ዋና መሣሪያ ሆነ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የኢትዮጵያ ሠራዊት ውጅግራውን፣ ሬሚንግተኑን፣ ከመስኮብ አገር የሆነውን በርዳንና ሌላውንም ይዞ ቆመ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ጎራሾች ናቸው። የኢጣልያ ወታደሮች የያዙት ቬተርሊ የተባለ ጠመንጃ ነበር፤ እሱም ሲሠራ አንድ ጎራሽ ሆኖ ኋላ አራት እንዲጎርስ የተሻሻለ ነው። ኢጣልያ ከዚያ የበለጠ አዲስ ጠመንጃ ነበራት፤ ነገር ግን ለሠራዊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥይት ለማደል ስትል ለዐድዋው ዘመቻ ቬተርሊውን መረጠች። እነሆ፣ የጥይት ነገር የአውሮፓውን አዛዥ እንኳ መሣሪያ አስለወጠው። በዚያች ዕለት ኢጣልያ 56 መድፎችንና 11,000 ያህል ጠመንጃዎችን እንዳጣች የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

ከድሉ በኋላ ባለው ዘመን የውጅግራ ጥይት ከጦር ሜዳ አልፎ ገበያ ገባ። በብዙ የአገራችን ክፍል ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ብር የማይመነዘርለትን ጥቂት ዕቃ ሰው በጥይት ይገዛ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጥይት አይበሰብስም፤ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ፈላጊም አያጣም። ባዶውም ቀለህ አይጣልም ነበር። ባሩድ ከጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል ተቀምሞ በአገር ውስጥ ይሠራ ስለ ነበር፣ አረሩም በቅርጽ ይፈስስ ስለ ነበር፣ ናሱ እየተሞላ ደጋግሞ ይተኰስ ነበር። በቀለሁ ታች የምትቀመጠው እሳት ሰጪ ክፍል ግን የሩቅ አገር ሥራ ናት። ስለዚህ እጅ የሠራው ጥይት እንኳ በትንሿ ነጥብ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ይታሰር ነበር።

የአንድ ጎራሽ ጠመንጃ ባለቤት ጠባዩም ከመሣሪያው ጋር ተቀርጿል። በዝናሩ ያለውን ጥይት አንድ በአንድ የሚቈጥር ሰው ለመለማመጃ ብሎ አያባክንም። አዳኝ ከሆነ ወደ አውሬው እጅግ ይጠጋል፤ ነፋሱን ይመረምራል፤ ጠመንጃውን ከሹካ እንጨት ወይም ከድንጋይ ላይ ያስደግፋል። የጥቍር ባሩድ ጪስ ከተኩሱ በኋላ ዐይኑን ይጋርደዋልና ሁለተኛ የማየት ተስፋ የለውም። በፎከራችን «በአንድ ጥይት» ማለት ታላቅ ምስጋና የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። አልሞ ተኳሽነት በኛ ዘንድ የጨዋታ ጥበብ አልነበረም፤ የቍጠባ ልጅ ነበረች። በለቅሶና በሠርግ፣ በበዓልም ቀን ጥይት ወደ ሰማይ መተኰስ እንደ ክብር የተቈጠረውም ጥይት ርካሽ ስለ ነበረ አይደለም። ውድ ስለ ነበረ ነው። ሰው ለሚያከብረው የሚሰጠው ያለውን ውድ ነገር ነውና።

ይህ ቍጠባ ግን ለዘመናዊ ጦርነት የሚበቃ አልሆነም። በ1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር መሣሪያ የምታስገባበትን ውል ተዋዋለች፤ ከቤልጅግም አምስት የሚጎርሱ ማውዘሮችን መግዛት ተችሎ ነበር። ሕዝባችን «ቤልጅግ» የሚላቸው እነዚህን ነው። ነገር ግን በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ የፋሺስት ጦር በድንበር ላይ ሲከማች ታላላቆቹ መንግሥታት ወደ ሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው ለሁለቱም እኩል ነው ተባለ። በኢጣልያ የመሣሪያ ፋብሪካ ሞልቶ ነበር፤ በኢትዮጵያ አልነበረም። ስለዚህ እኩል የተባለው ሕግ የወደቀው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። በ1928 ዓ.ም. ማኅበረ መንግሥታቱ ክልከላውን ለኢትዮጵያ ቢያነሣም ጊዜው አልፎ ነበር። በማይጨውና በሌላውም ግንባር ብዙ ወታደር የአባቱን ውጅግራ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን አንድ ጎራሽ ይዞ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ፊት ቆመ። ከዚያም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የዱር ቤቴ ጀግኖች ጥይታቸውን ያገኙት ከዚያው ከጠላት ዝናር ነው። ጠመንጃውንም ከጥይቱ ጋር ይማርኩ ጀመር፤ የጠላትን ጠመንጃ ለያዘ ሰው የጠላት ስንቅ ቤት ሁሉ የጥይት ግምጃ ቤቱ ነውና።

አሁን ደግሞ ዐይናችንን ወደ ሌላው ዓለም እናንሣ። በአንድ ጥይት ብቻ መተኰስ በድኽነት ሳይሆን በፈቃድ የሚመረጥበት አገር አለ። በጕራ የማረክነውን ጠመንጃ የሠራው የሬሚንግተን ፋብሪካ በ1963 በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ጎራሽ፣ ባለ መቀርቀሪያ ሽጉጥ አወጣ። በ1967 ደግሞ ሌላ የአሜሪካ ፋብሪካ አፈሙዙ እየተለወጠ ልዩ ልዩ ጥይት የሚተኵስ አንድ ጎራሽ ሽጉጥ ሠራ። ከሜክሲኮ በመጣው የዒላማ ጨዋታ ተኳሾች ከብረት የተቀረጹ የዶሮ፣ የአሳማ፣ የቱርክ ዶሮና የበግ ምስሎችን በሽጉጥ ከ50 እስከ 200 ሜትር ድረስ ርቀው ይመታሉ። እነዚህ ሰዎች ብዙ የሚጎርስ መሣሪያ መግዛት አቅቷቸው አይደለም። ሁለተኛ ጥይት እንደሌለው የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያውን በሙሉ ልቡ እንደሚተኵስ ስለ ተረዱ ነው። አያቶቻችን ይህን ትምህርት ያገኙት ያለ ፈቃዳቸው ነበር፤ ዋጋውም ከዚህ እጅግ የከበደ ነበር።

ከነዚህ ተኳሾች ጐን ደግሞ የአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች አሉ። ዛሬ ይህን ሁሉ ያነሣሁበትም ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ውጅግራውም፣ ቬተርሊውም፣ ሬሚንግተኑም፣ ቤልጅጉም፣ በአሜሪካ ገበያ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ሰብሳቢው ጠመንጃውን ሲያገኝ በመነጽር ይመረምረዋል፤ በሴንት ኤቲየን ይሁን በሻቴልሮ ወይም በቱል መሠራቱን፣ ቬተርሊም ከሆነ ከቶሪኖ ወይም ከብሬሻ መውጣቱን፣ የተሠራበትን ዓመትና ተራ ቍጥሩን በመዝገብ ይጽፋል። ይህ ሁሉ መልካም ዕውቀት ነው። ነገር ግን ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የተጠገነ እንደ ሆነ «ጉዳት አለበት» ብሎ ዋጋውን ይቀንሳል።

ያ ጠፍር ግን ጉዳት ብቻ አይደለም፤ መዝገብም ነው። አንድ ሰው መሣሪያው ተሰብሮበት፣ ሌላ የሚገዛበት ሳይኖረው፣ የላም ቆዳ አርሶ በእጁ ጠምጥሞ እንደገና ለመተኰስ ማብቃቱን የሚናገር መዝገብ ነው። ሰብሳቢው የጠመንጃውን የትውልድ አገር ያውቃል፤ የኖረበትን ግን አያውቅም። በኛ አገር ደግሞ የጠመንጃው ስም፣ የባለቤቱ ወገንና የተማረከበት ቦታ በሽማግሌዎች ቃል ይገኛል፤ መሣሪያው ግን እየራቀ ሄዷል። ግማሹ ታሪክ ባሕር ማዶ በብረት ላይ፣ ግማሹ እዚህ በሰው አንደበት ላይ ሆነ ማለት ነው። ብረቱ ይቈያል። አንደበቱ ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።

ይህን ስል ሰው ሁሉ ጠመንጃ በቤቱ ይሰቀል ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ወስኗል፤ ይህም ተገቢ ነው። በወንድማማች መካከል የተተኰሰ ጥይት ምን እንደሚያስከትል ለዚህ ትውልድ አስተማሪ አያስፈልገውም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የማይተኵስ አሮጌ መሣሪያ የታሪክ ቅርስ ነው፤ ቅርስ ደግሞ ስሙና የኖረበት ነገር ካልተጻፈለት ተራ ብረት ነው። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ብዙ ሰው የአባቶቹን መሣሪያ በዐይኑ እንዲያይ በር ከፍቷል። በየአጥቢያው አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤቶችና በየመኳንንቱ ቤተ ሰብ የቀረውም ቢሆን በባለሙያ ቢመዘገብ መልካም ነው።

መዝጋቢውም ለአንድ ውጅግራ ሦስት ነገር ይጻፍለት። አንደኛ፣ በብረቱ ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት፣ ዓመቱንና ቍጥሩን። ሁለተኛ፣ በእንጨቱ ላይ ያለውን የሰው እጅ ሥራ፤ ጠፍሩን፣ ምስማሩን፣ የተቀረጸውን ስም። ሦስተኛ፣ የባለቤቱ ቤተ ሰብ የሚናገረውን፤ ከማን እንደ ተገኘ፣ የት እንደ ዘመተ፣ ጥይቱ ከየት ይመጣ እንደ ነበር። ይህ ሦስተኛው ዛሬ ካልተጻፈ ነገ የሚጽፈው የለም።

እንግዲህ አድማጮች ሆይ፤ ንግግሬን ላጠቃልል። ከሰናድር እስከ ቤልጅግ ድረስ ያሉት የጠመንጃ ስሞች እያንዳንዳቸው የአንድ ውል ወይም የአንድ ጦርነት ምስክር ናቸው። ሰናድር መቅደላን ያስታውሰናል፤ ሬሚንግተን ጕንደትንና ጕራን፤ ውጅግራ ዐድዋንና ማይጨውን። በነዚህ ሁሉ የምናነበው አንድ ነገር ነው። ሌላው የሠራውን መሣሪያ ይዞ በጀግንነት ማሸነፍ እንደሚቻል ዐድዋ አስተምሮናል፤ ሌላው የሚሠራውን ጥይት ተማምኖ መኖር ግን እንደማይቻል ማይጨው አስተምሮናል። ይህም ትምህርት ለጥይት ብቻ የተነገረ አይደለም። የሚበላውን እህል ዘር፣ የሚታከምበትን መድኀኒት፣ የሚማርበትን መጽሐፍ ከሌላው እጅ ብቻ የሚጠብቅ ሕዝብ ሁሉ፣ በሩ የተዘጋ ዕለት፣ አንድ ጎራሹን ይዞ «ቁመህ ጠብቀኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይኖረውም።